የማይሸነፈው ማሊያ

«ዝም በሉ! ስም እየጠራች ነው» አሉ እትዬ በቀለች እጃቸውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። የታናሽ እህቷን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ስታብስ የነበረችው ሀጀራም እጇን ሰበሰበች። የስድስት ዓመቷ ፋሪሃ ከትላንት ጀምሮ በትኩሳት ትነድዳለች። ዓይኗን አልገለጠችም። ከንፈሯ ደርቆ፣ ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጣጥፎ፣ አንዲት ቃል ደጋግማ ታጉተመትማለች።

«ይመኙ… ይመኙ…»

«ሰማችሁ? ለፈለፈች! ኸላስ፣ አለቀ፣ የበላቻትን ራሷ ጠራች» አሉ እትዬ በቀለች።

የሀጀራ እናት ሉጥፊያ «ያ ረቢ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዛሬ ጁምዓ፣ የዕረፍት ቀን ነውና ለጥየቃ የመጣችው ጎረቤታቸው ስንቅነሽ ደግሞ ሕፃን ልጇን ደረቷ ላይ ልጥፍ አደረገችው።

ሀጀራ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ እየሰማች ያደገች ናት። ሰውን ቡዳ ሲበላው ታሞ ይወድቃል፤ በሕመሙ መሀል የበላውን ሰው ስም ይለፈልፋል ይባላል። ያኔ ስሙ ከተጠራው ሰው ልብስ ጫፍ በስውር ይቆረጥና በፍም ላይ ይጨሳል፤ ታማሚው ጢሱን ሲስብ ቡዳው ይለቀዋል። ሉጥፊያ ይህንን ከወሎ፣ እትዬ በቀለች ደግሞ ከጎንደር ይዘውት ካርቱም ገብተዋል። አንደኛዋ መስጊድ፣ ሌላኛዋ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ እንጂ በቡዳ ጉዳይ ተለያይተው አያውቁም።

ፋሪሃ የምትጠራት ይመኙ ከሆሹ ማዶ፣ በሰማያዊው በር ውስጥ የምትኖረው ይመኙሻል ናት። ሆሹ ሳጃና በሚባለው ሰፈር ውስጥ ያለ ሰፊ ግቢ ነው፤ ዙሪያውን ክፍሎች አሉት፣ በየክፍሉ ሐበሻ ይኖርበታል። እትዬ በቀለች ግቢውን በሙሉ ከሱዳናዊው ባለቤት ይከራዩና ክፍል ክፍሉን መልሰው ያከራያሉ። ግባ ያሉት ይገባል፣ ውጣ ያሉት ይወጣል። ይመኙሻል ልብስ ሰፊ ናት። ሉጥፊያ በሥራ ቀናት አል-ማንሺያ ሰፈር፣ አሠሪዎቿ ቤት ስለምታድር፣ ሀጀራም ትምህርት ቤት ስለምትውል፣ ፋሪሃን የምታበላትም፣ የምታጥባትም፣ ጸጉሯን የምትሠራላትም እሷ ናት። የይመኙሻል አባት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ይህንን አንድ ቀን ሳትጠየቅ፣ አባቷ ናፍቀዋት፣ ለሴቶቹ አወራች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ በቀለች ከእሷ እጅ ውኃ ጠጥተው አያውቁም።

«የሸክላ ሠሪ ዘር ናት አላልኳችሁም?» አሉ አሁን። «ባለፈው ሳምንት ደግሞ ‹ፋሪሃ እንዴት ታምራለች› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ስለምትጠብቃት ነዋ የምትጠራት!» አለች ሀጀራ። «ቅድም እኮ ‹ሀጀራ› ብላ እኔንም ጠርታኛለች። ድመቷንም ጠርታለች። ድመቷም ቡዳ ናት?»

«ሀጀራ! አፍሽን!» አለች እናቷ።

«ሐኪሙ ወባ ነው ብሏል እማ። ደሟ ላይ አይተውታል። ጠዋት አብረን አልነበርንም እንዴ? ትኩሳቱ ቶሎ ባይወርድ አትደንግጡ፣ ኪኒኑን ብቻ አታቋርጡ ብሏል።»

እትዬ በቀለች የጥርሳቸውን ወርቅ እያሳዩ ሳቁ። «ሐኪም ስለ ቡዳ ምን ያውቃል? ቡዳ የበላውን ሰው የሐኪም መድኃኒት ከነካው አለቀለት። ሉጥፊያ፣ ልጅሽን ከወደድሻት ያንን ኪኒን አርቂው።»

ሉጥፊያ የኪኒኑን ፓኬት ፋሪሃ ከተኛችበት የገመድ አልጋ፣ ከአንገሬቡ ራስጌ አነሣችው። አየችው፣ ፋሪሃን አየቻት፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው። ሀጀራ እናቷን በጣም ትወዳታለች፤ በዚያች ደቂቃ ግን ይዛ ልትነቀንቃት ፈለገች።

«ሴትየዋ ደግሞ ከመግሪብ በፊት፣ ሳይመሽ፣ ዕቃዋን ይዛ ትውጣልኝ» አሉ እትዬ በቀለች።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የይመኙሻል የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማዋ፣ ካለቀ ቆይቷል። መንገድ ላይ ፖሊስ ቢይዛት የምታሳየው ወረቀት የላትም። ቡዳ ተብላ የወጣችን ሴት ደግሞ አስጠግቶ የሚያሳድር ሐበሻ የለም፤ ወሬው ባለ ሦስት እግሩን ረክሻ ሳይሳፈር ጀብራ ሰፈር ድረስ ይደርሳል። ሀጀራ ይህንን ታውቃለች። እትዬ በቀለችም ያውቃሉ።

እትዬ በቀለች ከኪሳቸው ትንሽ መቀስ አውጥተው ለሀጀራ ዘረጉላት። «አንቺ እሷ ዘንድ ትገቢያለሽ፣ ትወጫለሽ። ሳታይሽ ከቀሚሷ ጫፍ ቆርጠሽ አምጪ። ያላ፣ ቶሎ!»

«አልሄድም።»

«እህትሽ ትሙት?»

ሀጀራ እናቷን አየች። ሉጥፊያ እያለቀሰች ነበር። «ሂጂ ልጄ» አለች፤ «ለእህትሽ ስትዪ ሂጂ።»

ሀጀራ መቀሱን ተቀብላ ወጣች።

የሆሹ ፀሐይ አናት ይበሳል። ሀጀራ ግን ሙቀቱን ልብ አላለችውም። ያሰበችው ባለፈው ረቡዕ ክፍል ውስጥ የሆነውን ነው።

ቲቸር ሰማኸኝ የሲቪክስ አስተማሪ ናቸው። ሰሞኑን ግን ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ጀምረዋል። ረቡዕ ረቡዕ ሰሌዳው ላይ «ፍልስፍና ለጀማሪዎች» ብለው ይጽፉና አንድ ተማሪ መርጠው በጥያቄ ያፋጥጣሉ። በዚያን ቀን የተያዘው ሙስዐብ ነበር። ሙስዐብ የሚደግፈው ቡድን ሲጫወት ሁልጊዜ አንድ የተቀዳደደ ማሊያ ይለብሳል። ቡድኑን የሚያሸንፈው ያ ማሊያ ነው ብሎ ይምላል፣ ይገዘታል።

«ባለፈው ግን ተሸንፋችኋል» አሉት ቲቸር ሰማኸኝ። «ማሊያውን አልለበስክም ነበር?»

«ለብሻለሁ ቲቸር። እናቴ ሳልነግራት አጠበችው። ኃይሉ አብሮ ታጠበ።»

«ከዚያ በፊት ስትሸነፉስ?»

«ያኔ ደግሞ ጃፋር አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። እሱ ወላሂ ገፊ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጃፋር ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«ማሊያውን ሳትለብስ ሞክረህስ ታውቃለህ?»

«አብደዋል እንዴ ቲቸር?»

«እሺ። ቡድኑ ሲያሸንፍ ማሊያው ነው፤ ሲሸነፍ ሌላ ነገር ነው። ታዲያ ‹ተሳስቻለሁ፣ ማሊያው ምንም አያደርግም› እንድትል ምን መሆን አለበት?»

ሙስዐብ ጥቂት አሰበና ደረቱን ነፋ። «ምንም! ምንም ቢመጣ ማሊያዬ ማሊያ ነው!»

ልጆቹ አጨበጨቡለት። ቲቸር ሰማኸኝ ግን አልሳቁም። «ምንም ነገር የማይረታው ሐሳብ ጠንካራ ይመስላችኋል» አሉ። «አይደለም። ስናሸንፍም ልክ፣ ስንሸነፍም ልክ ከሆነ፣ ስለ ጨዋታው የነገረን ነገር የለም ማለት ነው። ልታምኑበት ትችላላችሁ፣ ልትወዱት ትችላላችሁ። ‹አውቃለሁ› ግን አትበሉኝ። ‹አውቃለሁ› ያለ ሰው ምን ቢያይ ሐሳቡን እንደሚለውጥ መናገር አለበት።»

ሀጀራ ያን ቀን ትምህርቱ የሚመለከተው ሙስዐብን ብቻ መስሏት ስቃበት ወጥታ ነበር።

ሰማያዊው በር ገርበብ ብሏል። ይመኙሻል ከልብስ ስፌት ማሽኗ ኋላ ተቀምጣለች፤ ማሽኑ ግን ዝም ብሏል። ጭኗ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ዘርግታ በር በሩን ታያለች።

«እንዴት ሆነች?» አለች ይመኙሻል፣ ሀጀራ ገና ሳትገባ።

«ትኩሳቱ አልወረደም።»

«ኪኒኑን ዋጠች? ባዶ ሆዷን እንዳትሰጧት፤ በወተት ነው።» ወደ መሬት አየች። «ልመጣ ነበር። ስንቅነሽ በሩ ላይ ስታየኝ ልጇን በነጠላ ሸፈነችው። ገባኝና ተመለስኩ።»

ሀጀራ መቀሱን ከኋላዋ ደብቃለች። ይመኙሻል ግን ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰው እጁ ላይ መቀስ ሲይዝ ትከሻው እንዴት እንደሚሆን ሳታውቅ አትቀርም።

«አምጪው» አለች።

«ምኑን?»

«መቀሱን ነዋ። አገሬም እያለሁ እናቴ ላይ አድርገውታል። እኔን የገረመኝ ካርቱም ድረስ ተከትሎኝ መምጣቱ ነው።» የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ዘረጋችላት። «ቁረጪ። ተደብቀሽ ከምትቆርጪ እያየሁ ቁረጪ።»

«ይመኙ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ብትድን ‹በልብሷ ጢስ ዳነች፣ ስለዚህ እሷ ናት› ይላሉ። ባትድን ደግሞ ‹አልለቅ አለቻት› ይላሉ። ባለቅስ የቡዳ እንባ፣ ባላለቅስ የቡዳ ልብ። አንድ ጊዜ እናቴ ተናዳ ‹ምን ላድርግላችሁ?› ብላ ጮኸችባቸው። አየሽ፣ ቡዳዋ ተቆጣች አሉ።»

ሀጀራን ረቡዕ የሳቀችበት ነገር ትዝ አላት። ይህ ማሊያ ነው። ራሱ የሙስዐብ ማሊያ ነው፤ ልዩነቱ የሙስዐብ ማሊያ ማንንም ከቤቱ አለማስወጣቱ ነው።

«አልቆርጥም» አለች።

«እነሱ ቆርጠሽ እንድታመጪ ነው የላኩሽ።»

«ይላኩኝ። አልቆርጥም።»

ወጣችና ሆሹ መሀል ቆመች። ባዶ እጇን ብትገባ እትዬ በቀለች ራሳቸው መጥተው ይቆርጣሉ። ቆርጣ ብትገባ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ማሊያውን ሳትለብስ ሞክረህ ታውቃለህ? ሙስዐብ አልሞከረም። እነዚህ ሴቶችም፣ እናቶቻቸውም፣ የእናቶቻቸው እናቶችም ሞክረው አያውቁም።

የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ቅድም የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። ከዳር ያለው የእትዬ በቀለች ቡኒ ቀሚስ ነው።

ሀጀራ ግራ ቀኝ አየች። የቀሚሱን ጫፍ ገልበጥ አድርጋ የጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆረጠች። ቀጠል አድርጋም ሌላ ነገር አደረገች። እትዬ በቀለችና ስንቅነሽ በረንዳው ላይ ፍም እያቀጣጠሉ፣ እናቷም ለከሰዓቱ የአስር ሶላት እየታጠበች፣ ውዱእ እያደረገች ነበር፤ ሰተት ብላ ክፍሉ ገባች፣ ኪኒኑን ከቁም ሣጥኑ አወረደች፣ ፋሪሃን ደግፋ በወተት አዋጠቻት። ፋሪሃ ፊቷን አጨማደደች እንጂ አልተፋችውም።

«ጎበዝ» አለቻት በጆሮዋ። «ጎበዝ የኔ እህት።»

እትዬ በቀለች የእሳቱን ዕቃ ይዘው ሲገቡ ሀጀራ ቁራጩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እርጥበቱ አልለቀቀውም ነበር። ቢሆንም ጨርቁን ያየ የለም፤ ሁሉም የሚያየው ፋሪሃን ነው።

«ስትቆርጪ አየችሽ?»

«አላየችኝም» አለች ሀጀራ። ይህኛው እውነት ነበር።

ቁራጩ ፍሙ ላይ ሲያርፍ ችስ ብሎ ጨሰ። እትዬ በቀለች ጢሱን በእጃቸው ወደ ፋሪሃ እየገፉ «ልቀቂ! ተይ ልቀቂ!» ብለው አዘዙ። ፋሪሃ አሳላት። ሀጀራ ሁለት ጊዜ ሳል እንደሰማች መስኮቱን ከፈተች፤ ስንቅነሽ ተቆጣቻት፣ መልሳ አልዘጋችውም።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ሉጥፊያ ሰግዳ መጥታ አንገሬቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቆይቶ የፋሪሃ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። ከዚያ አንገቷን አጠበው፣ ቀሚሷ ራሰ፣ ትንፋሿ ረጋ። ሀጀራ እጇን የፋሪሃ ደረት ላይ ብታስቀምጥ ያ የሚጋረፍ ሙቀት ቀንሷል። ደስታዋ ከመጠን በላይ ስለሆነባት ዞር ብላ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ፋሪሃ ዓይኗን ገለጠችና «እማ፣ ራበኝ» አለች።

«እልልልል!» አሉ እትዬ በቀለች። «አላልኳችሁም? ወጣላት! ጢሱ እንደነካት ወጣላት!»

ሉጥፊያ ልጇ ላይ ተደፍታ ሳመቻት። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ ሌላ ቃል ጠፍቷት።

እትዬ በቀለች ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «በሉ እንግዲህ፣ ያቺን ሴት ላስወጣ። አሁንስ ማስረጃ የሚጠይቀኝ አለ?»

«እኔ አለሁ» አለች ሀጀራ።

«ደግሞ ምን ቀረሽ አንቺ?»

«አንድ ጥያቄ ብቻ እትዬ። ፋሪሃ ዳነች፤ ስለዚህ የቁራጩ ባለቤት ናት የበላቻት። እንደዚያ ነው?»

«እንደዚያ ነው! በዓይንሽ አላየሽም?»

«ባትድንስ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?»

«ቡዳዋ ኃይለኛ ናት እላለኋ!»

«አዩ አይደል፣ ብትድንም እሷ፣ ባትድንም እሷ። ምን ቢሆን ነው ታዲያ ‹ተሳስቻለሁ› የሚሉት?»

«ሉጥፊያ፣ ይቺን ልጅሽን ዝም አስብያት! ትምህርት ቤቱ ነው ያበላሻት!»

«ሀጀራ፣ ይብቃሽ» አለች ሉጥፊያ። ድምፅዋ ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም፤ ግራ መጋባት እንጂ።

ሀጀራ ወጥታ ቡኒውን ቀሚስ ከገመዱ ላይ አመጣችው። ጫፉን ገልብጣ ሁሉም እንዲያየው ዘረጋችው። የጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ አለችበት።

«ቁራጩ ከይመኙ ቀሚስ አይደለም» አለች። «ከዚህ ነው።»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ ስንቅነሽ ቀሚሱን አየች፤ እትዬ በቀለችን አየች፤ ደግማ ቀሚሱን አየች። ልጇን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዞረችና አንድ ርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ይህ… የኔ ቀሚስ ነው» አሉ እትዬ በቀለች።

«አዎ፣ የእርስዎ ነው።»

«አንቺ ባለጌ! ልብሴን…»

ስድቡን ሳይጨርሱት ቆሙ። ሉጥፊያ ፋሪሃን ሳብ አድርጋ ወደ ራሷ ስታስጠጋት አይተዋል።

«እትዬ» አለች ሉጥፊያ ቀስ ብላ፤ «ትላንት እርስዎ ካመጡላት ብርቱካን በኋላ እኮ ነው የታመመችው።»

«ምን አልሽ?»

«እኔንም ‹ልጅሽ እንዴት ወፍሯል› ብለውኛል» አለች ስንቅነሽ፣ በሩ ጋ ደርሳ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ። ጥርስ መስሎኝ ነበር ወላሂ። እኔ ሞኟ ጥርስ መስሎኝ ነበር!»

«እኔ?» እትዬ በቀለች ደረታቸውን ያዙ። «እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ አገር ያውቃል! ስንቱን ሐበሻ ከመንገድ አንሥቼ ቤት የሰጠሁ ሴት ነኝ! ስንቅነሽ፣ ስትወልጂ ያረስኩሽ እኔ አይደለሁም?»

«ለዚያ ነዋ» አለች ስንቅነሽ በሹክሹክታ። «ለዚያ ነዋ እንደዚያ የተጠጉን።»

እትዬ በቀለች ወደ አንገሬቡ አንድ ርምጃ ቢራመዱ ሉጥፊያ እጇን ዘረጋች። «አይ፣ እትዬ። እዚያው።»

ሀጀራ ቀሚሱን እንደያዘች ቆማለች። አሸነፈች። ይህን ያህል በፍጥነት ታሸንፋለች ብላ አላሰበችም። ግባ ውጣ ሲሉ የኖሩት ሴትዮ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሀጀራ ደስ አላት፤ ራሷን አልዋሸችም፣ ደስ አላት። አፏን ዘግታ ብትቆም ብቻ ይበቃል። እስከ ነገ ወሬው ሳጃናን ይሞላል፣ ይመኙሻልን የሚያስታውስ አይኖርም። አንዲት ቃል እንኳን መዋሸት የለባትም።

ስንቅነሽ ግን አላቆመችም። «ባለፈው ዓመት የሞተችው የእነ ራሔል ፍየልስ? እሳቸው አይደሉም ሲያደንቋት የዋሉት?» ትላለች።

ማሊያው ባለቤት ቀየረ እንጂ አልወለቀም። ሀጀራ አሁን ሳቅ አልመጣባትም፤ ብርድ ብርድ አላት።

«ተዉ!» አለች። ጮኸች ማለት ይቀላል። «እሳቸውም አይደሉም!»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ በዓይናችን ያሳየሽን?» አለች ስንቅነሽ።

«ያሳየኋችሁ ሌላ ነው! በማንም ጨርቅ ቢሆን ትድን ነበር። በአንቺም ቀሚስ ብንሞክር ትድን ነበር፤ ያኔ ቡዳዋ አንቺ ልትሆኚ ነው? ይመኙም አይደለችም፣ እትዬም አይደሉም። የነከሳት ቢምቢ ነው። ኪኒኑን ሰጥቻታለሁ።»

ሉጥፊያ ቀና አለች። «ምን?»

«ፍም ስታቀጣጥሉ። በወተት ሰጠኋት።»

«እኔ ያራቅኩትን?»

«አዎ፣ እማ። አንቺ ያራቅሽውን።»

ሉጥፊያ እጇን አነሣች። ሀጀራ አልሸሸችም። እጁ ጥቂት አየር ላይ ቆየና ወርዶ ፋሪሃ ጸጉር ላይ አረፈ።

«ብትሞትስ ኖሮ?» አለች ሉጥፊያ።

«ብትሞትማ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። ‹ተሳስቻለሁ› እላለሁ። እናንተ ግን አንዳችሁም አትሉም።» ሀጀራ ወደ እናቷ ዞረች። «ነገ ሥራ ትገቢያለሽ። ፋሪሃን ከማን ጋር ነው የምትተዪያት? እስከ ትላንት ከማን ጋር ነበረች? ያን ሁሉ ጊዜ ስታሳድጋት አልበላቻትም፣ ዛሬ ራባት?»

ፋሪሃ «ዳቦ ስጡኝ» አለች፤ ትልልቆቹ ምን እንደሚነጋገሩ ግድ አልሰጣትም።

እትዬ በቀለች ቀሚሳቸውን ከሀጀራ እጅ ነጠቁ። «አንቺ ነሽ ለእኔ የምትከራከሪልኝ?» አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ሊያይል ፈልጎ መሀል ላይ ሰለለ። «የአንቺ ጥብቅና ያስፈልገኛል?»

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አለች ሀጀራ።

«እና ለማን ነው?»

«ቡዳ ስላልሆኑ ነው።»

እትዬ በቀለች ትንሽ አዩዋት። ከዚያ ስንቅነሽን አዩ፤ ስንቅነሽ ዓይኗን ሰበረች፣ ልጇን ግን ከነጠላው አላወጣችም። እትዬ በቀለች በበሩ ወጡ። ወደ ሰማያዊው በር ይሂዱ ወደ ክፍላቸው፣ ከውስጥ ሆኖ የሚያውቅ የለም።

ሀጀራ ተከትላቸው ወጣች። እትዬ በቀለች ሆሹ መሀል ቆመዋል፣ ቀሚሱን እንደጨበጡ። መግሪብ ሊደርስ ነው። የተናገሩትን ቃል ሆሹ ሁሉ ሰምቶታል፤ በየበሩ የሚያዩ ፊቶች አሉ። ቃላቸውን ቢበሉ ይዋረዳሉ፣ ቢፈጽሙም ነገ እሳቸውን ማን እንደሚያስወጣቸው አያውቁም። ሀጀራ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘኗት። ብታዝንላቸውም አላመነቻቸውም።

ግድግዳ ስር በገመድ የተጠለፈ አጭር በርጩማ፣ በንበር፣ ነበር። ሀጀራ አነሣችው። በእትዬ በቀለች አጠገብ አልፋ፣ ሆሹን አቋርጣ፣ በንበሩን ሰማያዊው በር ፊት አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። እግሯን ዘረጋች፤ ማንም ሳይራመዳት አይገባም። እትዬ በቀለች አዩ። በየበሩ ያሉትም አዩ። እናቷም ፋሪሃን አቅፋ መስኮቱ ጋ ቆማ አየች፤ «ነይ ግቢ» ግን አላለችም።

እትዬ በቀለች ቀሚሱን ጠቅልለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። በሩን አልዘጉትም።

«ሀጀራ?» አለች ይመኙሻል ከውስጥ። «አንቺ ነሽ? በሬ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተቀምጫለሁ።»

«አስወጪያት ተባልሽ?»

«አይ። ማንም እንዳያስወጣሽ ነው።»

የይመኙሻል ድምፅ እየተቆራረጠ ነበር። «እስከ መቼ ልትቀመጪ ነው እንዴ፣ እብድ?»

ሀጀራ አሰበች። ነገ እናቷ ሥራ ትገባለች። ነገ ሌላ ልጅ ይታመም ይሆናል፣ ሌላ ስም ይጠራ ይሆናል። እትዬ በቀለች ሲነጋ ምን እንደሚሉ መናገር የሚችል የለም።

«አላውቅም» አለች፤ በንበሩንም ወደ በሩ ይበልጥ አስጠጋችው።